የማዶዎቹ ደን

«በይ እንደገና!» አለ ሀቢቡ ዳገቱ መሃል ቆም ብሎ።

«የእኛ ነው» አለች ሰፍያ።

«ምን አልሽ? ነፋሱ ወሰደው።»

«የእኛ ነው!»

«አይ፣ አይ! እንደሱ ስትዪው የሰረቅሽ ነው የሚመስለው። ደረትሽን ንፊ። ካፒቴኑን ዓይን ዓይኑን እያየሽ ‹የእኛ ነው!› በይ። ሰው በግሽን ሲጎትት ብታዪ እንዴት ነው የምትጮሂው?»

ሰፍያ በግ ኖሯት አያውቅም። ይሁንና አጎቷ አንዴ ማስተማር ከጀመረ ከዝናብ በቀር የሚያስቆመው ስለሌለ ደረቷን ነፋች፤ ከመንገዱ ዳር ሣር የምትግጥ አንዲት ላም ላይ አፍጥጣም «የእኛ ነው!» ብላ አምባረቀች። ላሚቱ ቀና ብላ አየቻትና ጥቂት ራቅ ብላ ግጦሿን ቀጠለች።

«ይኸውልሽ! ላሟ እንኳ አመነችሽ» አለ ሀቢቡ ደስ ብሎት።

ከኋላቸው በበቅሎ የሚመጡት አያቷ አቶ ከድሮ ግን ምንም አላሉም። ከቤት ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰፍያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜዋን ከአያቷ ጎን ስላሳለፈች ዝምታቸውን ለይታ ታውቃለች። ሲቆጡ ዝም ይላሉ፤ ሲደክማቸውም ዝም ይላሉ። የዛሬው ግን ከሁለቱም አልገጥም አላት። ይህ ነገር ከዳገቱ ይልቅ አደከማት።

«ይህን ሁሉ ያመጣብን የዚች ልጅ አፍ ነው» ይል ነበር ሀቢቡ ሰሞኑን ላገኘው ሰው ሁሉ። ፍርድ ለመስጠት ካልተቸኮለ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ተራራውን ለሁለት ከፍሎታል። ጫፉ ላይ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ደርድሮ፣ ከድንጋዩ ወዲህ ያለው በቡታጅራው ካፒቴን፣ ከድንጋዩ ወዲያ ያለው በወልቂጤው ካፒቴን ሥር ነው አለ። ያለ ፈቃድ መሻገር ክልክል ሆነ። ክረምቱ መግቢያ ላይ ታዲያ ሰፍያ ምንጭ ወርዳ እንስራዋን ስትሞላ የቡታጅራው ካፒቴን ከአስተርጓሚው ከሸዋንግዛው ጋር ከተፍ አለ። ሸዋንግዛው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጭቃ የሚጸየፍ፣ ከጣሊያኖቹ በላይ ጣሊያን ለመሆን የሚለፋ ሰው ነው። ጣቱን ወደ ተራራው ቀስሮ «ያ ደን የማን ነው?» አላት።

ሰፍያ በዚያ አገር ማንኛውም ጨዋ ልጅ የሚመልሰውን መለሰች። «የማዶዎቹ ነው።»

ሸዋንግዛው ተረጎመ። ካፒቴኑ ጻፈ። የሷንም ስም ጻፈ። ሰፍያ እንስራዋን አዝላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ስሟ በመጻፉ እንኳን ልትፈራ፣ ትንሽ ኮርታም ነበር።

ይህ መልስ ለእንግዳ ሰው ግራ እንደሚገባ አይካድም። የተራራው ጫፍ በጥድ፣ በኮሶና በቀርከሃ ተሸፍኗል። ፀሐይ መውጫው በኩል የመስቃን ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ መጥለቂያው በኩል የቸሃ ክርስቲያኖች። ለሁለቱም የሚወርደው ውሃ የሚመነጨው ከዚያው ደን ሥር ነው። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ሁለቱ ወገኖች «እነሱ ሳይቀድሙን» እያሉ ተሽቀዳድመው ሲቆርጡ ኖረው፣ በመጨረሻ ምንጮቹ ደረቁና የሁለቱም አገር ሰው አንዲት ጭቃማ ኩሬ ዙሪያ ከነእንስራው ተፋጠጠ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ብዙ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ውል አወጡ። በምሥራቅ በኩል የበቀለው ዛፍ ሁሉ የምዕራቦቹ ንብረት እንዲሆን፣ ምሥራቆቹ በአደራ እንዲጠብቁት፤ በምዕራብ የበቀለውም እንዲሁ የምሥራቆቹ ሆኖ በምዕራቦቹ አደራ እንዲጠበቅ።

«የራሱ የሆነውን ሰው ሲቸግረውም ይቆርጠዋል፣ ሲጠግብም ይቆርጠዋል» ብለው ነበር አያቷ ለሰፍያ ሲያስረዷት። «የሌላ ሰው አደራ ሲሆን ግን ‹ነገ ምን እላቸዋለሁ?› እያለ እጁን ይሰበስባል።»

ስለዚህ ምሰሶ የፈለገ ሰው ተራራውን ወጥቶ ማዶ ተሻግሮ ይለምናል። ሀቢቡ ጎጆ ሲቀልስ ከራሱ አጥር ጀርባ ለቆመ ጥድ ማዶ ድረስ ሄዶ፣ «ከዛፋችሁ አንድ ትሰጡኛላችሁ?» ብሎ መለመን ነበረበት። ማዶዎቹም ተሰብስበው እስኪመክሩ ሁለት ገበያ አስጠበቁት። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳም። ደኑ የማን እንደሆነ የጠየቀ ሁሉ ግን ከየትኛውም ወገን የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ የማዶዎቹ ነው። የቀረውን ሁሉም ስለሚያውቀው የሚጨምር የለም።

ካፒቴኖቹ ግን አያውቁም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓርብ ሀቢቡ በርበሬውን እንኳ ሳይሸጥ ከቡታጅራ ገበያ እየሮጠ መጣ። «ባለቤት የለውም ተባለ!» ሲል ከደጅ ጮኸ። «እዚህ ሲጠይቁ የማዶዎቹ፣ እዚያ ሲጠይቁ የማዶዎቹ! ካፒቴኖቹ ተገናኝተው ‹ባለቤት የሌለው ደን የመንግሥት ነው› ብለው ለአንድ ባለመጋዝ ነጋዴ ሊሰጡት ነው። ከሥሩ ሙልጭ አድርጎ ሊወስደው! እዚያ ማዶ የተጠየቀችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያቺ ጓደኛሽ! የሀብተጊዮርጊስ ልጅ፣ አደይ!»

ሰፍያ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። አደይና እሷ ድንጋዮቹ ከመምጣታቸው በፊት ሐሙስ ሐሙስ ተራራው ላይ ይገናኙ ነበር። ለቅርጫት የሚሆን የቀርከሃ ቅርፊት ይለቅማሉ፤ ሰፍያ በርበሬ ይዛ ትወጣለች፣ አደይ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ። አደይ ስትስቅ ወፍ ታስነሳለች። ሁለቱ ሳይማከሩ አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው ለሰፍያ አስቂኝ ነበር፤ የአጎቷን ፊት እስክታይ ድረስ።

«የሚያስቅ አይደለም» አለ ሀቢቡ። «ሸዋንግዛውን አናገርኩት። ሕጋቸው ምስክሮቹ አንዴ በድጋሚ ይጠየቁ ይላል። ድንጋዩ ጋ፣ ሁለቱም ካፒቴኖች ባሉበት። አንቺ ‹የእኛ ነው› ካልሽ ተራራው በሙሉ ወደ ቡታጅራ ይዞራል። ካፒቴናችን የእኛን በኩል አይነካም፤ ቃል ገብቷል። መጋዙ የሚገባው ማዶ ብቻ ነው።»

«እነሱስ?»

«እነማን?»

«እነአደይ። ውሃቸውስ?»

ሀቢቡ ራሱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የበርበሬ ማሳው ምንጩ ሥር ነው፣ ፈርቷል። «ሰፍያ፣ ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የወልቂጤው ካፒቴንም ለእነሱ ይህንኑ ነግሯቸዋል። አንቺ ‹የማዶዎቹ ነው› ብለሽ አደይ ‹የእኛ ነው› ብትል፣ በገዛ አፍሽ አስረከብሽ ማለት ነው። የሚቆረጠው የእኛ በኩል ይሆናል። ሁለታችሁም ‹የማዶዎቹ› ካላችሁ ደግሞ ሁሉም ይቆረጣል። ወላሂ ሌላ መንገድ ቢኖር እኔ ራሴ እነግርሽ ነበር።»

በማግስቱ ሰፍያ አደይን ለማናገር ብቻዋን ወጣች። ድንጋዮቹ ጋ ስትደርስ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ቆሎ እየቆረጠመ ተቀምጦ አገኘች። ተመለሺ አላት። ለመነችው፤ ተመለሺ አላት። «አደይ!» ብላ ወደ ጉሙ ተጣራች። ጉሙ አልመለሰላትም። አስካሪው እንኳ አዘነላትና ከቆሎው ቆንጥሮ ሰጣት፤ ማለፍ ግን አልፈቀደም።

አሁን ተራራው ጫፍ ደረሱ። ቦታው እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል። ከድንጋዩ ወዲህ ቀጭኑ የቡታጅራ ካፒቴን በሚታጠፍ ወንበር ተቀምጧል፤ ከድንጋዩ ወዲያ ወፍራሙ የወልቂጤ ካፒቴን። ሁለቱ እንደማይዋደዱ ለማወቅ ጣሊያንኛ መስማት አያስፈልግም። ቀጭኑ እግሩን ሲዘረጋ ጫማው ድንጋዩን አለፍ አለ፤ ወፍራሙ ጫማውን ጠቆመና አንድ ነገር ተናገረ፤ ቀጭኑ ጉንጩ ቀልቶ እግሩን ሰበሰበ። በመሃላቸው ባለመጋዙ ነጋዴ ከቆርቆሮ ዓሣ እያወጣ ይበላል። ከኋላው በቅሎው ላይ የተጫነው መጋዝ ከበቅሎዋ ይረዝማል።

ሰፍያ መጋዙን አየችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ የወሬ ያህል ነበር። ጥርሱን ስታይ ግን ምንጯን፣ የአጎቷን ማሳ፣ ከቤታቸው ጓሮ ያለውን እንሰት ሁሉ ባንድ ጊዜ አሰበች።

ማዶ በኩል አደይ ከአባቷ ከሀብተጊዮርጊስ ጎን ቆማለች። ሰፍያ እጇን አወዛወዘች። አደይ አየቻትና አንገቷን ደፋች። አልሳቀችም። ሰፍያ ጓደኛዋን ስታውቃት እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም።

ሸዋንግዛው ጫማውን ከጭቃ እየጠበቀ በጫፍ በጫፉ ተራምዶ አጠገቧ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ለራስሽ ብዬ ነው የምነግርሽ» ሲል አንሾካሾከ። «ጓደኛሽ ትናንት ወልቂጤ ላይ ‹የእኛ ነው› ብላ ጨርሳለች። ዛሬ የሚቀረው መድገም ብቻ ነው። ሞኝ አትሁኚ።»

«ውሸት ነው» አለች ሰፍያ።

«አፏን እዪው እስቲ።»

ሰፍያ አየች። አደይ መሬት መሬቱን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። አንድ አጭር ነገር ትላለች፣ ትተወዋለች፣ እንደገና ያንኑ ትላለች። ልክ ሰፍያ ላሚቱ ላይ ስትለማመድ እንደነበረው። ለአደይ ምን እንዳስለመዷት ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

ወደ አያቷ ዞረች። ሽማግሌው በሀቢቡ ድጋፍ ከበቅሎ ወርደው ከዘራቸውን ተመርኩዘዋል። «አባባ፣ ምን ልበል?»

«የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ» አሉ ከድሮ። ከዚያም ጨመሩ። «ምንም ብትዪ ግን ዛሬ ማታ አንድ ቤት ነው የምንገባው። እሱን አትርሺ።»

«አባቴ!» አለ ሀቢቡ ተበሳጭቶ። «ይንገሯት እንጂ!»

«ብነግራትማ እኔ ተናገርኩ እንጂ እሷ መች ተናገረች?»

በዚህ መሃል ተጠራች። ዕጣ ተጥሎ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቡታጅራ ወገን ሆነ። ሰፍያ ወደ ድንጋዩ ተራመደች። ባለመጋዙ እንኳ ዓሣ መብላቱን አቆመ።

ሸዋንግዛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰፍያ የከማሉ ልጅ። ይህ ደን የማን ነው?»

«የእኛ ነው» ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እንዴት እንደሚባል ታውቃለች፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ተለማምዳዋለች። ቃሉን ብትለቀው አጎቷ ይደሰታል፣ ምንጫቸው ይተርፋል፣ አደይ ቀድማት ከሆነም በገዛ አፏ አታስረክብም። ደግሞ አደይን አየች። አሁን ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ ቀና ብላ ሰፍያን ብቻ ታያለች። ሰፍያ ፈራች፤ በጣም ፈራች። ነገር ግን ይህ ደን የእነሱ ነው ማለት በሕይወቷ ሙሉ የተነገራትን ሁሉ መካድ ሆነባት። ደግሞም በክረምት መግቢያ የሰጠችው መልስ ስህተት እንዳልነበረ፣ ግማሹ ብቻ እንደተነገረ ያን ጊዜ ብልጭ አለላት።

«የማዶዎቹ ነው» አለች።

ሀቢቡ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አለቀልን!»

«አልጨረስኩም!» አለች ሰፍያ ወደሱ ዞራ፤ ድምጿ ላሚቱ ላይ ከጮኸችው በላይ ወጣ። ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ተመለሰች። «በእኛ በኩል የቆመው ዛፍ በሙሉ የማዶዎቹ ነው። እነሱ አደራ ሰጥተውን ነው የምንጠብቀው። እኛ ለራሳችን ምሰሶ ስንፈልግ እነሱን ነው የምንለምነው። መቁረጥ የፈለገ ሰው ካለ እነሱን ይጠይቅ። እነሱ እሺ ካላሉ ግን አንድ ቀርከሃ አናስነካም፤ ምን ብለን እንመልስላቸዋለን?»

ሸዋንግዛው ሲተረጉም መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ወፍራሙ ካፒቴን ገና ሳይጨርስለት ከወንበሩ ተነሥቶ «ብራቮ!» አለና አጨበጨበ። በቀጭኑ ካፒቴን አገር የበቀለ ዛፍ የወልቂጤ ሆነለት! ቀጭኑ ሰፍያን እንደ መራራ መድኃኒት ተመለከታት። ወፍራሙ ደስታው ሳይበርድ ወደ አደይ ዞሮ ቀጥይ ቀጥይ የሚል ምልክት ሰጣት።

አደይ ወደ ፊት ወጣች። አባቷ በትራቸውን ጨበጥ ፈታ ያደርጋሉ። አንድ ሰው ከኋላ «በይ እንጂ!» አለ።

«የማዶዎቹ ነው» አለች አደይ። ድምጿ ቀጥኖ ጀመረና እየተናገረች ጎለመሰ። «በእኛ በኩል ያለው ሁሉ የነሰፍያ ነው። አደራችን ነው። የሚፈልግ ካለ ሰፍያን፣ አያቷንም ይጠይቅ። እኛ ግን በጊዮርጊስ፣ አናስነካም!»

ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች «እንዲያ ነው!» የሚል ድምፅ ተነሣ። ሰፍያ እንባዋም ሳቋም ባንድ ላይ መጡባትና አፏን በሻሿ ሸፈነች።

አሁን መጨነቅ የካፒቴኖቹ ተራ ሆነ። ቀጭኑ ቀስ ብሎ ገባውና ከወንበሩ ብድግ አለ። በወልቂጤው ካፒቴን አገር ያለው ዛፍ የእሱ ሰዎች ንብረት ነው! ደረቱን ነፍቶ (ሀቢቡ ቢያስተምረው እንኳ ከዚያ በላይ አይነፋም) «የእኔ ነው!» ማለቱን ማንም ሳይተረጉምለት ሁሉም ተረዳ። ወፍራሙ ደግሞ የቀጭኑን በኩል እየጠቆመ «የእኔ ነው!» አለ። ቀጭኑ ድንጋዩን አልፎ ገባ። ወፍራሙም አልፎ ገባ። አሁን አንዱ በሌላው አገር ቆሞ ይጮሃል።

«ምን እየተባባሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ ሀቢቡ።

ሸዋንግዛው መሃረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ወፍራሙ ‹እኔ ሳልፈቅድ አንተ በኩል ዛፍ አይቆረጥም› ይላል። የእኛው ደግሞ ‹እኔም ሳልፈቅድ አንተ በኩል አይቆረጥም፤ ልፈቅድልህም አላስብም› ይለዋል።»

«እና መጋዙስ?»

«እሱንማ ራሱን ጠይቀው።»

ባለመጋዙ ነጋዴ መሃላቸው ገብቶ ማንን ማስፈቀድ እንዳለበት ጠየቀ። «እኔን!» አሉት ሁለቱም። ማን ማንን እንደሚያዝ ጠየቀ። እንደገና ጩኸት ተነሣ፤ በመጨረሻ ነገሩ ለአዲስ አበባ አለቆች እንዲቀርብ፣ ፍርድ እስኪመጣ ድረስ ከሁለቱም በኩል አንድ እንጨት የነካ እንዲታሰር ተወሰነ። ነጋዴው ሁለቱንም ተራ በተራ አየ፤ የዓሣ ቆርቆሮውን ወደ ገደሉ ወረወረና በቅሎዋን አዞረ። አንድ ካፒቴን ብቻ ያለው ደን ፍለጋ ሄደ መሰለኝ። መጋዙ ከበቅሎዋ ጎን እየተወዛወዘ ጉሙ ውስጥ ሲገባ አንድ ሽማግሌ ከማዶ «መልካም መንገድ!» ብለው ሸኙት፤ ያን ጊዜ ከወዲህም ከወዲያም ሳቅ ፈነዳ። ሀብተጊዮርጊስና ከድሮ በድንጋዩ ግራና ቀኝ ቆመው እጅ ተጨባበጡ፤ «እንደምን ከረምክ?» «አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ?» ተባባሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

አስካሪዎቹ የአለቆቻቸውን ጠብ ለማየት አንገታቸውን ሲያስረዝሙ አደይና ሰፍያም ድንጋዩ ጋ ደረሱ። ሰፍያ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። አደይ ግን አንድ እርምጃ ቀርታ ቆመች።

«ሰፍያ» አለች ቀስ ብላ። «ልንገርሽና ከፈለግሽ ተቆጪኝ።»

«ምኑን?»

«‹የእኛ ነው› ልል ነበር የመጣሁት። ‹ወልቂጤ ሄዳ ብላለች› ብለውሽ ከሆነ ውሸት ነው፤ ወልቂጤ ረግጬ አላውቅም። ዛሬ ግን ልል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ነው የተለማመድኩት። አንቺ ብትቀድሚኝ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ስትናገሪ ስሰማሽ ነው የተውኩት። አባቴ አያውቅም። ሰው ሁሉ ለእኔም እንዳንቺው ያጨበጭብልኛል፤ አፈርኩ።»

ሰፍያ ትንሽ ከፋት፤ መካድ አይቻልም። ቀጥሎ ግን ከቤት እስከዚህ ድረስ ለላም፣ ለድንጋይ፣ ለቁጥቋጦ ስትጮህ የመጣችው ትዝ አላትና ሳቀች። «እኔስ?» አለች። «መንገድ ላይ ያገኘኋትን ላም ጠይቂያት! ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር እኮ።»

አደይ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ እንደ ድሮዋ ሳቀች፤ ከኮሶው ላይ ሁለት ወፍ ተነሥቶ በረረ። አንድ አስካሪ «ሂዱ ወደየቤታችሁ!» ብሎ እስኪያባርራቸው ድረስ ድንጋዩን መሃል አድርገው ተቃቅፈው ቆዩ።

ቁልቁለቱ ላይ የሀቢቡ አንደበት ተመለሰለት። ከሩቅ ሲሰማ ሁሉንም ያቀነባበረው እሱ ነበር የሚመስለው። «እኔ እኮ መጀመሪያም ብያለሁ! ደረትሽን ንፊ አላልኩም?» እያለ ሲፎክር ቆየና ድንገት ቆመ። «ግን ሰፍያ፣ እውነት እውነት። አደይ ‹የእኛ ነው› ብትልስ ኖሮ?»

ከድሮ በቅሎዋን ገታ አደረጉ።

ሰፍያ ወደ አጎቷ ዞረች። «ያን ጊዜም በእኛ በኩል ያለው የእነሱ ነው። ያልኩት እውነት ስለሆነ ነው እንጂ እሷ ምን እንደምትል አውቄ አይደለም።»

«እና ሁሉም ሙልጭ ብሎ ሲወሰድ ቁጭ ብለሽ ልታዪ ነበር?»

«ቁጭ ብዬ አላለቅስም ነበር ብለህ ነው?» አለች ሰፍያ። «በጣም ነው የማለቅሰው።»

ሀቢቡ ግን ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና ጠጋ አላት። «ድንጋዩ ጋ ያንን ሁሉ ስታንሾካሹክልሽ ምን አለችሽ? ፊቷ ደስ አላለኝም። ልትከዳን ነበር አይደል? ንገሪኝ፤ ለሌላ ጊዜ ማንን እንደምናምን እንድናውቅ።»

ሰፍያ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ተራራው ጫፍ ላይ ጉሙ ሸሽቶ የቀርከሃው ጫፍ ከወዲያና ከወዲህ ሳይለይ ባንድ ላይ ይወዛወዛል። አጎቷ ይህን ቢያውቅ በሚቀጥለው ዓርብ ገበያው በሙሉ ያውቀዋል። አደይ ለአባቷ እንኳ አልተናገረችም።

«አልነግርህም» አለች።

«እንዴ! እኔ አጎትሽ?»

«የእሷ ነገር ነው። ብትፈልግ እሷ ትንገርህ።»

ሀቢቡ አባቱን ለፍርድ ቀና ብሎ አየ። ከድሮ ግን በቅሎዋን ኮርኩረው አልፈዋቸው ነበር፤ ከጀርባቸው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሰፍያ ሳቃቸውንም ከዝምታቸው ባልተናነሰ ታውቀዋለችና ቁልቁለቱን ሮጣ ልትደርስባቸው ተፈተለከች።